ቅርፊቱን ተውሁለት

በሰኔ መጀመሪያ በጀልባ ከዘጌ የመጣ ግንድ ነው፣
እርጥብ፤ የጫካውን ጠረን ያልጣለ ገና፤
ሸጋ ዋንዛ። "ነፋስ ነው የጣለው" ብሎኛል ሻጩ፤
እኔም አልመረመርሁም፤ ዋጋው ረክሶ ነበርና።

ሽምብጥ፣ ከቆርቆሮ ዳሴ ሥር መጋዙን አስነሣሁ፤
ቅርፊቱ ሲላቀቅ ከሥሩ አንድ ነገር ተላወሰ፤
ጭራ ብቻውን ከጠረጴዛው ላይ ቀረና
እንደ ተበጠሰ የክራር ጅማት ታጠፈ፣ ተመለሰ።

የቀረው ገላው ግን ከግድግዳው ወጥቷል፤
ቅርፊት ነው ሲሉት ቅርፊት፣ ጥላ ነው ሲሉት ጥላ፤
ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ እዚያው ቦታ ላይ
የለም፤ አለ፤ ደግሞ የለም፤ ሌላ ስፍራ፣ ሌላ።

ጥሩሰው መጥረጊያ አነሣ። "እንሽላሊት እኮ ነው ጋሼ፣
ከነካን ለምጽ ያወጣል።"
                    "ተው" አልሁት።
ለምን እንዳልሁት ዛሬም አላውቀውም።
የቤቱን እንሽላሊት ለምጄዋለሁ፤ ከአምፖሉ ሥር ሆኖ
የሐይቅ ትንኝ ሲለቅም ያድራል፣ ገርጥቶ እንደ ሰም።
ይሄ የጫካ ነው። ጀርባው ላይ የዛፍ ሽበት በቅሎበታል።
ዓይኑ ቆብ የለውም፤
አይጨፍን፣ አይጠቅስ፣ አያንቀላፋ፤
ሰጋቱራ ሲገባበት ምላሱን አውጥቶ
እንደ መስኮት ወለወለው፤ ፊቱም አልከፋ።

የግራ እጄ ጣት አራት ነው።
አመልካቹን ከስምንት ዓመት በፊት፣ በሚያዝያ፣
ይኸው መጋዝ ወስዶታል።
የእንጀራ ግብር ነው ብዬ ትቼው ነበር እስከዚያ።
ያን ማታ ግን ጭራውን ከሰጋቱራው አንሥቼ አየሁት፤
መወራጨት ትቷል፤ ቀላል ነው፣ እንደ ላባ።
እርሱ ሰጥቶ ዳነ። የእኔዋ ጣት
ምኔን አድናልኝ ይሆን? አልሁ፣ ከራሴም ሳልግባባ።

"እሑድ ዘጌ እመልስሃለሁ" አልሁት።
የዱቄት ወተት ቆርቆሮ በምስማር በሳሁለት።
እሑድ ዝናብ ጣለ።
በሚቀጥለው ለቅሶ ነበረብኝ፣ አባይ ማዶ።
በሦስተኛው፣ እውነቱን ልናገር፣ ጀልባም ነበረ፣ ሰማዩም ጠርቶ፤
እኔ ነኝ ያልሄድሁት፤ ልቤ ከእርሱ ጋር ተላምዶ።
ደግሞስ ከየትኛው ዛፍ ላይ ላኑረው?
ዛፉ እኔ ዘንድ ነው፤
አምስት ሳንቃ ሆኖ፣ ከግድግዳው ተደግፎ፣ ይደርቃል።

ሳንቃው ለአልጋ ነበር። ወይዘሮ ይታይሽ ለልጇ ሰርግ አዝዛ
ቀብድ ከፍላለች፤ ቀን ቆርጣለች።
አራቱን ላግሁ። አምስተኛውን ከነቅርፊቱ አቁሜ
ከኪሴ ሌላ እንጨት ገዛሁ።
መጥታ አየችው፣ በጣቷ መታ መታ አደረገችው፤
"ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው ያልተላገው?"
"ሰው አለበት" አልኋት።
ዞር ብላ ተመለከተች፣ ላይ ታች፤ ማንንም አላየች፤
ለጥሩሰው በዓይኗ ጠቅሳ፣ ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች።

ጥቅምት ላይ ጭራው በቅሎ አየሁ።
አጠር ያለ፣ ደብዛዛ፤ ሽበቱ የጠፋ፤
መጋጠሚያው ያስታውቃል። እንደ አናጢ ስፈርድ
የጀማሪ ሥራ ነው፤ ግን ይይዛል።

ትናንት መብራት ሄደ። ጥሩሰው ቤቱ ገብቷል።
ከሐይቁ በኩል ነፋስ የደንገሉን ሽታ እያመጣ
በጨለማ ውስጥ እጄን ከቅርፊቱ ላይ አሳረፍሁ፤
እንዲሁ ነው፤ ምንም አልጠበቅሁ፣ ምንም እንዲመጣ።
ቀዝቃዛ እግር በአውራ ጣቴ ላይ ረገጠ፤
ቀጥሎ ጣት ካለበት፣ ጣት ከሌለበት ደረሰ፤
ቆመ።
ሲለካው ይመስለኛል።
ከዚያ ተሻገረ።